አርሰናል የወረደበት ዓመት፦ ስለ 1912–13 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአርሰናል ደጋፊ ባለበት ሁሉ ይህ ክርክር አይቀርም። አንዱ "እኛ ወርደን አናውቅም" ይላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ይጀምራል። ከዚያ የቶተንሃም ደጋፊ ካለ ነገሩ ወደ 1919፣ አርሰናል በድምፅ ወደ ላይ ወደወጣበት ዓመት ይሄድና ጩኸቱ ከፍ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳቸው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እውነት አርሰናል ወርዶ ያውቃል?

አዎ፣ አንዴ። በ1912–13 የውድድር ዘመን ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወርዷል። ያኔ ፕሪሚየር ሊግ የሚባል ነገር የለም። ከላይ አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ከታች ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ በእያንዳንዱ 20 ክለብ፣ በቃ። መጨረሻ ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ይወርዳሉ።

"ወርደን አናውቅም" የሚለው ሰውዬም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ1919 ወደ ላይ ከተመለሰ ወዲህ አርሰናል አልወረደም። ከከፍተኛው ሊግ ሳይወጣ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሌላ የእንግሊዝ ክለብ የለም። ከ1919 በፊት ያለውን ግን ማንም ማንሳት አይወድም።

ያኔም ስሙ አርሰናል ነበር?

ውሊች አርሰናል ነበር። ሰፈሩም አሁን የምናውቀው ሰሜን ለንደን አይደለም። ውሊች ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ የለንደን ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ክለቡን በ1886 የመሠረቱት እዚያ የነበረው ትልቁ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። አርማው ላይ ያለው መድፍ ከዚያ ነው የመጣው። ቀይ ማሊያው ደግሞ ከኖቲንግሃም ፎረስት ነው፤ ቀድሞ እዚያ የተጫወቱ ሠራተኞች ነበሩና ፎረስት ማሊያ ልኮላቸዋል።

በ1893 ሊጉን ሲቀላቀል ከደቡብ እንግሊዝ የመጀመሪያው ክለብ ነበር። ሊጉ ማለት ያኔ የሰሜኖቹና የመካከለኛው እንግሊዝ ክለቦች ቤት ነው፤ እንግዳው ውሊች ነው። በ1904 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደገ። በ1906 እና በ1907 ኤፍኤ ካፕ ላይ ግማሽ ፍፃሜ ደረሰ፣ በ1908–09 ሊጉን ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። እንግዲህ ደካማ ቡድን ነበር ማለት አይቻልም። የወደቀው ከዚህ በኋላ ነው።

(ነጩን እጅጌ በ1912 ፎቶ ላይ አትፈልጉት። እሱ የመጣው በ1933 ነው። ያኔ ማሊያው ሙሉ ቀይ ነው።)

ምን ያህል መጥፎ ነበር? ቁጥሩን ንገሩን።

38 ጨዋታ። 3 አሸነፈ፣ 12 አቻ ወጣ፣ 23 ተሸነፈ። 26 ጎል አገባ፣ 74 ገባበት። ለድል የሚሰጠው 2 ነጥብ ስለነበር ጠቅላላው 18 ነጥብ ሆነ፤ 20ኛ፣ የመጨረሻው። ከሱ በላይ ሆኖ አብሮ የወረደው ኖትስ ካውንቲ እንኳ 23 ነጥብ ነበረው።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የሜዳው ውጤት ነው። በገዛ ሜዳው 19 ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ብቻ አሸነፈ። አንድ! በእነዚህ 19 ጨዋታዎች ያገባው ጎል 11 ነው። ከሜዳው ውጪ ሁለት አሸንፎ 15 ጎል አግብቷል፤ ማለትም ይህ ቡድን እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ይሻለው ነበር። ለደጋፊው ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ ትኬት ከፍለህ ገብተህ፣ በብርድ ቆመህ፣ ለዓመት የምታየው ድል አንድ ነው።

ሌላው ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ 1912 እስከ መጋቢት መጀመሪያ 1913 ያለው ጊዜ ነው። በሊጉ 23 ጨዋታ በተከታታይ ሳያሸንፍ ቀረ። ይህ እስካሁን በክለቡ ታሪክ ያልተነካ ነው። አሁን አምስት ጨዋታ ሳናሸንፍ ስንቀር "አሰልጣኙ ይባረር" የምንለው ሰዎች እስቲ ይህን እናስበው።

ኤፍኤ ካፑስ?

እሱም ያው ነው። ክሮይደን ኮመን የሚባለውን ትንሽ ክለብ በድጋሚ ጨዋታ በጭንቅ አለፉ፣ ቀጥሎ ሊቨርፑል መጥቶ በሜዳቸው 4 ለ 1 ቀጣቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

አጭሩ መልስ፦ ገንዘብ የለም። ገንዘብ ለምን የለም? ሰው ስለማይመጣ። ሰው ለምን አይመጣም? ሜዳው ያለበት ቦታ ነዋ። እኔ ይህን የውድድር ዘመን ባነበብኩ ቁጥር ተጫዋቾቹን መውቀስ ያቅተኛል፤ የወደቀው ቦታው ነው።

ዘርዘር እናድርገው። የክለቡ ሜዳ፣ ማኖር ግራውንድ፣ ፕላምስቴድ ውስጥ ነበር፤ ከውሊችም አለፍ ብሎ። ከመሃል ለንደን ወደዚያ መሄድ ራሱን የቻለ መንገድ ነው፣ ባቡር ነው፣ ትራም ነው፣ ሲመለሱ ደግሞ መሽቷል። ስለዚህ የክለቡ ደጋፊ በብዛት የፋብሪካው ሠራተኛና በአካባቢው ያለ ወታደር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከቦሮች ጋር ጦርነት በነበረ ጊዜ ፋብሪካው ቅዳሜ ከሰዓትም ይሠራ ስለነበር ሰው ጨዋታ መምጣት አልቻለም። ጦርነቱ በ1902 ሲያልቅ ደግሞ ሥራው ቀዘቀዘና ሠራተኛ ተቀነሰ። ቆየት ብሎ የቶርፒዶ ሥራው ወደ ስኮትላንድ ተዛወረና ሠራተኞቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ። ደጋፊህ ሥራውን ተከትሎ አገር ሲለቅ አንተ ምን ታደርጋለህ?

በዚህ ላይ ለንደን ውስጥ ክለብ በዛ። ቼልሲ በ1905 ተመሠረተ፤ ሜዳው መሃል ከተማ ነው ማለት ይቻላል፣ ለትራንስፖርት ይመቻል፣ ሰዉም ጎረፈ። ቶተንሃም በ1908 ሊጉን ተቀላቅሎ በዓመቱ አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። ሚልዎል ደግሞ በ1910 ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደቡብ መጣ፣ ያውም ለውሊች ቅርብ ወደሆነ ሰፈር። ያለችውን ትንሽ ገበያ ሌላው መጥቶ ተካፈላት።

ገንዘብ ሲጠፋ ምን ይሸጣል? ተጫዋች።

ማንን ነው የሸጡት?

በርት ፍሪማንን ለምሳሌ። አጥቂ ነው። በ1908 ወደ ኤቨርተን ሄደና በቀጣዩ የውድድር ዘመን 38 ጎል አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፤ ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። ውሊች አርሰናል በ1912–13 ዓመቱን ሙሉ ያገባው 26 መሆኑን አትርሱ። ጨው ለመነስነስ ያህል፣ አርሰናል በወረደበት በዚያው ዓመት ፍሪማን የነበረበት በርንሌይ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን አደገ።

ግብ ጠባቂው ጂሚ አሽክሮፍትም በ1908 ተሸጠ። ከአርሰናል ተመርጦ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዊሊያም ጋርበትም ያኔ ሄደ፤ እሱ በኋላ ጣሊያን ሄዶ የጄኖዋ አሰልጣኝ ሆኖ ስሙን የተከለ ሰው ነው።

የመጨረሻው ከባድ ሽያጭ አንዲ ዱካት ነው። በ1912 ክረምት፣ ልክ ያ ክፉ ውድድር ሊጀመር ሲል፣ ወደ አስቶን ቪላ ተሸጠ። ዱካት ለእንግሊዝ በእግር ኳስም በክሪኬትም የተጫወተ ሰው ነው። በ1920 የቪላ አምበል ሆኖ ኤፍኤ ካፕን አንስቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ሸጠህ ነው እንግዲህ ውድድር የምትጀምረው።

የቀሩትስ? ሁሉም ደካማ ነበሩ?

አይ፣ እንዲያውም ታማኝ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ተከላካዩ ጆ ሾው ከ1907 እስከ 1922 ተጫውቷል፤ ወርዶም አልሄደም። ፐርሲ ሳንድስ መሃል ላይ ነበር፣ ሙያው ደግሞ አስተማሪ ነው። ሮዲ ማክኤክራን ከ1902 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ቆይቶ አንድም ዋንጫ ሳያነሳ ጫማውን ሰቀለ። ችግሩ ከኋላ ሰው ቢኖርም ከፊት ጎል የሚያገባ አልነበረም።

አሰልጣኙ ማን ነበር? ተባረረ?

ጆርጅ ሞሬል፣ ስኮትላንዳዊ። በ1908 የመጣ ነው፤ ክለቡን ስድስተኛ ያደረገውም እሱ፣ ያወረደውም እሱ። አርሰናልን ያወረደ ብቸኛው አሰልጣኝ ሆኖ ስሙ ተመዝግቧል። አልተባረረም ግን። እስከ 1915 ድረስ ቆየ። ተጫዋቾቹን ሸጠህበት "ለምን ወረድክ" ማለትም ይከብዳል። የዚያ ዘመን አሰልጣኝ ሥራ ደግሞ እንደ አሁኑ አይደለም፤ ግማሹ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

ያኔ ጨዋታው ራሱ እንዴት ነበር?

ከአሁኑ በጣም ይለያል። ተቀያሪ የለም፤ አንድ ሰው ከተጎዳ በአሥር ትጨርሳለህ። ማሊያ ላይ ቁጥር የለም። ከጨዋታ ውጪ ላለመሆን በአጥቂውና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት የተቃራኒ ተጫዋች መኖር ነበረበት፤ ስለዚህ ጎል ማግባት ከባድ ነበር። አንድ አዲስ ነገር ደግሞ ልክ በዚያው የውድድር ዘመን ገባ። ከ1912 በፊት ግብ ጠባቂ በራሱ ግማሽ ሜዳ ሁሉ ኳስ በእጁ መንካት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ በፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ብቻ ተወሰነ።

ደመወዝም ጣሪያ ነበረው። ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ አይከፈለውም፤ ረጅም ጊዜ ያገለገለ 5 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሀብታም ክለብ ደሃውን በደመወዝ አይበልጠውም ነበር። የሚበልጠው በዝውውር ገንዘብ ነው፣ እሱ ደግሞ ከበር ከሚገባው ትኬት ይመጣል።

ማኖር ግራውንድ ምን ይመስል ነበር?

በአንዱ ጎን የለንደንን ፍሳሽ የሚወስደው ትልቅ የቆሻሻ ውሃ ቱቦ ያልፋል። ሳይከፍሉ ማየት የሚፈልጉ ሰዎች እዚያ ላይ ወጥተው ይቆሙ ነበር። ክለቡ ገንዘብ እያጣ ሰው ከጎኑ በነፃ ያያል። ሌላው ጎን ላይ ከፍ ያለ የአፈር መደብ ነበረ፤ ስፓዮን ኮፕ ይሉታል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1900 ከባድ ውጊያ በተደረገበት ተራራ ስም። የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሊቆጡ ይችላሉ፣ ግን ስሙ ፕላምስቴድ ውስጥ ከአንፊልድ ቀድሞ ነው የተሰማው።

የመጨረሻው ጨዋታ ሚያዝያ 26 ቀን 1913 ነበር፤ ከሚድልስብሮ 1 ለ 1። ቀድሞ መውረዱ ታውቋል። 3,000 ገደማ ሰው ነው የመጣው።

በዚያ ዓመት ሊጉን ማን በላ?

ሰንደርላንድ፣ በ54 ነጥብ። የአርሰናልን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሁለተኛ አስቶን ቪላ ሆነ። ሁለቱ ደግሞ ኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ ላይ ተገናኝተው ቪላ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ከ120 ሺህ በላይ ሰው እያየ። በነገራችን ላይ ቼልሲ 18ኛ ነበር፤ ከወራጆቹ በላይ ያለችውን የመጨረሻ ቦታ ይዞ ነው የተረፈው።

ሄንሪ ኖሪስ የሚባለው ሰውዬ ማን ነው?

የዚህ ታሪክ ዋናው ሰው። ቤት እየሠራ በመሸጥ የከበረ ነጋዴ ነው፤ የፉልሃም ክለብ አለቃ፣ የፉልሃም ከንቲባም ነበር። ውሊች አርሰናል በ1910 በዕዳ ተይዞ ሊፈርስ ሲል ከባልደረባው ዊሊያም ሆል ጋር ሆኖ ገዛው። መጀመሪያ ያሰበው ሁለቱን ክለቦች አዋህዶ በፉልሃም ሜዳ ማጫወት ነበር። ሊጉ አይሆንም አለው። ስለዚህ ፕላምስቴድ ውስጥ ማንም የማይመጣበት ክለብ እጁ ላይ ቀረ።

ሰውዬው ጨካኝ ነበር፣ ግትር ነበር፣ ብዙ ጠላት ነበረው። ግን ልክ ያየው ነገር አለ፦ ክለቡ እዚያው ከቆየ ይሞታል።

ታዲያ እንዴት ሃይበሪ ገባ?

ኖሪስ ለንደንን ዞሮ ዞሮ ሰሜን ለንደን ላይ፣ ሃይበሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የመንፈሳዊ ኮሌጅ ሜዳ አገኘ። ቦታው ላይ የሳበው ሣሩ አይደለም፤ ጊሌስፒ ሮድ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገቡ መኖሩ ነው። ለ21 ዓመት በ20,000 ፓውንድ ተከራየ። ኮሌጁ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ በስቅለትና በገና ቀን ጨዋታ እንዳይደረግ ውል ውስጥ ገባ፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ራሱ ነው የፈረመው።

ዝውውሩ የተሰማው ገና ውድድሩ ሳያልቅ ነው። "ወርዶ ስለነበር ሄደ" የሚለው አባባል ለዚህ ነው ትክክል የማይሆነው፤ መሄዱ ቀድሞ ተወስኗል። ከዚያ ጩኸት ሆነ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ተቃወሙ፣ ኳስ ተመልካች መጥቶ ሰፈራችንን ያበላሻል ብለው። ቶተንሃምና ክላፕተን ኦሪየንትም ተቃወሙ፣ ገበያችንን ሊሻማ ነው ብለው፤ እውነታቸውን ነው፣ ሊሻማ ነው የመጣው። ሊጉ ግን ክለብ ቦታ እንዳይቀይር የመከልከል ሥልጣን የለኝም አለ። የውሊች ደጋፊስ? እሱን ማንም አልጠየቀውም። የዚህ ታሪክ እውነተኛ ተጎጂ እሱ ይመስለኛል፤ ቡድኑ ወረደ፣ በዚያው ክረምት ጭራሽ ሰፈሩን ለቆ ሄደ።

ስታዲየሙን የነደፈው አርቺባልድ ሊች ነው፤ በዚያ ዘመን የብሪታኒያን ስታዲየሞች ግማሹን እሱ ነው የሠራው ቢባል ያን ያህል ማጋነን አይደለም። መስከረም 6 ቀን 1913 በሁለተኛ ዲቪዚዮን ጨዋታ ሌስተር ፎስን 2 ለ 1 አሸንፈው ገቡበት። ሥራው አላለቀም ነበር። በሃይበሪ ለአርሰናል የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ጆርጅ ጆቤይ ሲጎዳ ከሰፈሩ ወተት ሻጭ በተዋሱት ጋሪ ጭነው ወሰዱት ይባላል። በቀጣዩ ዓመት "ውሊች" የሚለው ከስሙ ወጣ።

ወዲያው ተመልሶ አደገ?

ለጥቂት ቀረ። በ1913–14 ከብራድፎርድ ፓርክ አቬኑ ጋር እኩል 49 ነጥብ ይዞ በጎል ስሌት ተበልጦ ሦስተኛ ሆነ። በ1914–15 አምስተኛ። ከዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ሊጉ ተቋረጠ።

1919 ላይ አርሰናል አጭበርብሮ ነው የገባው የሚባለው እውነት ነው?

መጀመሪያ ያልተጨቃጨቅንበትን እንናገር። ከጦርነቱ በኋላ ሊጉ እያንዳንዱን ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 አሳደገ። በ1914–15 ውድድር መጨረሻ ላይ አንደኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ቼልሲ 19ኛ፣ ቶተንሃም 20ኛ ነበሩ። ከታች ደርቢና ፕሪስተን አደጉ። ሁለት ቦታ ተረፈ። ቼልሲ ያለ ብዙ ክርክር እንዲቆይ ተደረገ፤ ምክንያቱም በዚያ ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድና ሊቨርፑል ያደረጉት ጨዋታ ውጤቱ በተጫዋቾች ቀድሞ የተሸጠ መሆኑ ተደርሶበታል፣ ዩናይትድ ደግሞ ከቼልሲ በአንድ ነጥብ በልጦ ነው የተረፈው። ቀሪው አንድ ቦታ በድምፅ ተሰጠ። አርሰናል 18፣ ቶተንሃም 8፣ ባርንስሌይ 5፣ ሌሎቹ የቀረውን ተከፋፈሉት።

አምስተኛ የሆነ ክለብ ሦስተኛና አራተኛ የሆኑትን ዘሎ መግባቱ ደስ አይልም፤ በስፖርት ሚዛን ካየነው ለእኔም አይዋጥም። የሊጉ ፕሬዚዳንት ጆን ማኬና ለአርሰናል ተናግሯል፤ አርሰናል ሊጉን ለረጅም ዓመት አገልግሏል የሚል ነው ነገሩ። ኖሪስ ደግሞ ያኔ "ሰር" ተብሎ የፓርላማ አባል ሆኗል፤ ሰው ማግባባት ያውቅበታል። ግን ገንዘብ ሰጥቶ ድምፅ ገዛ የሚለው ተረጋግጦ አያውቅም። በኋላ ከእግር ኳስ የታገደው በሌላ፣ በክለቡ ገንዘብ አያያዝ ጉዳይ ነው። ሁለቱን እየቀላቀሉ የሚያወሩ አሉ፤ አትቀላቅሉት።

ማኖር ግራውንድና ሃይበሪ ዛሬ አሉ?

ማኖር ግራውንድ የለም፤ ፋብሪካና መጋዘን ሆኗል። ሃይበሪ ክለቡ በ2006 ወደ አዲሱ ስታዲየሙ ኤምሬትስ ሲሄድ መኖሪያ አፓርታማ ሆነ፣ የሚያምረው የምሥራቁ ፊቱ ግን በቅርስነት ተጠብቋል። ጊሌስፒ ሮድ ጣቢያ በ1932 "አርሰናል" ተብሏል።

የቶተንሃም ደጋፊ ጓደኛዬ "ቦታችንን ሰርቃችሁ ነው የገባችሁት" ቢለኝ ምን ልበለው?

20ኛ እንደነበሩ አስታውሱት። የመጨረሻ የወጣ ክለብ "ቦታዬ" የሚለው የቱን ነው? ወርደው በ1919–20 ሁለተኛ ዲቪዚዮንን በ70 ነጥብ በልተው በዓመቱ ተመልሰዋል፣ እሱንም ንገሩት፣ ጨዋነት ነው። ከዚያ እሱ "እናንተስ 3 ጨዋታ አሸንፋችሁ የወረዳችሁት" ካለ ዝም በሉ። እሱ ልክ ነው።